ወራሽና ቀማኛ፦ የቀድሞ የቪዲዮ ጨዋታዎች ቅጂ በቅኔ ቤት ሚዛን

የሥነ ጽሑፍ ኂስ ከሚያነሣቸው የቆዩ ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ሥራ የማን ነው?» የሚለው ነው። ደራሲው ከሌላ ምን ወሰደ፣ የወሰደውንስ ምን አደረገው፣ ከራሱ የጨመረው ምንድን ነው እያልን ስንጠይቅ ኖረናል። ጥያቄው በልቦለድ፣ በግጥምና በተውኔት ላይ ሲነሣ ማንንም አያስገርምም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ብዙዎቻችን ከልጆች መዝናኛ በቀር ሌላ ቦታ ባልሰጠነው በቪዲዮ ጨዋታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች በየአገሩ ይገለበጣሉ፤ ይታደሳሉ፤ ስማቸውንና መልካቸውን ለውጠው እንደገና ይወጣሉ። ባለቤት ነን የሚሉ ድርጅቶች ይከሳሉ። ዳኞችም ከአንድ ጨዋታ ውስጥ የትኛው ክፍል የሁሉም፣ የትኛው የአንዱ ብቻ እንደሆነ ለመለየት ይደክማሉ። የሚናገሩት ሲሰማ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሌላ ስም የቀረበ የቅርጽና የይዘት ክርክር ነው።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ይህን የምጽፈው ደብረ ታቦር ላይ ነው። በከተማው ውስጥ ወጣቶች በጨዋታ ሒሳብ እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ። ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ገሳይ እንኳ፣ የድንችና የገብስ አገር የሆነው ያ ብርዳም ደጋ፣ ከዚህ ዓለም ውጭ አይደለም፤ በገበያ ቀን ወጣቶች ከስልክ ወደ ስልክ ጨዋታ ሲቀባበሉ አይቻለሁ። የሚቀባበሉት ጨዋታ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተገለበጠ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። በዩኒቨርሲቲም ቢሆን ጥያቄው በአግባቡ ሲነሣ አልሰማሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በቪዲዮ ጨዋታ ትረካ ላይ ለመሥራት ሐሳብ ቢያቀርብ «እነዚህ ጨዋታዎች እርስ በርስ የተኮራረጁ ናቸው፤ በኩረጃ ላይ ምን ጥናት ይሠራል?» የሚል መልስ ተሰጥቶት ርእሱን ለውጧል። መልሱን የሰጡት መምህር ከአንድ ነጥብ ላይ ትክክል ናቸው፤ ጨዋታዎቹ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን መመሳሰል ሁሉ ኩረጃ ከሆነ፣ ከእኛው ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ለጥናት የሚተርፈን ጥቂት ነው።

ነገሩን በአንድ ጨዋታ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ፣ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠራ የነበረው አሌክሲ ፓዢትኖቭ ኤሌክትሮኒካ 60 በተባለ ኮምፒዩተር ላይ ቴትሪስን ሠራ። ከአራት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተገጣጠሙ ሰባት ዐይነት ቅርጾች አንድ በአንድ ከላይ ይወርዳሉ። ተጫዋቹ እያዞረ ያሰካቸዋል። አንድ ረድፍ ያለ ቀዳዳ ሲሞላ ይጠፋል፤ ክምሩ ከላይ ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል። የሐሳቡ መነሻ ፔንቶሚኖ የሚባል፣ ከአምስት አምስት አራት ማዕዘን የተሠሩ ቁራጮችን በሣጥን ውስጥ አገጣጥሞ የመሙላት እንቆቅልሽ ነበር። እንቆቅልሹን ስም ሰጥቶ ያስፋፋው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሶሎሞን ጎሎምብ ነው። እንግዲህ ቴትሪስ ራሱ ወራሽ ነው ማለት ነው። ፓዢትኖቭ የጨመረው ጊዜንና መጥፋትን ነው። በእንቆቅልሹ ቁራጩ ፈላጊውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ በቴትሪስ ግን ይወድቃል፣ አይጠብቅም። በእንቆቅልሹ የተሳካው ሥራ ሣጥኑን ሞልቶ ይታያል፤ በቴትሪስ የተሳካው ይጠፋና የተበላሸው ብቻ ከፊታችን ተከምሮ ይቀራል። አንድ ደራሲ ከቆየ ተረት ተነሥቶ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢያመጣ «አዲስ ሥራ» ብለን ከማወደስ ወደ ኋላ የምንል አይመስለኝም።

በዘመኑ ሥርዓት የጨዋታው መብት የመንግሥት ነበር፤ ለውጭ አገር የተሸጠውም ኤሎርግ በተባለው የሶቪየት የንግድ ድርጅት በኩል ነው። ሠሪው ከሥራው ገቢ ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ መብቱ ወደ እርሱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በመካከሉ ቴትሪስ ዓለምን በግልባጭ አዳርሶ ነበር። እኔም በመጀመሪያ የማውቀው በግልባጩ ነው፦ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በትንሽ መስታወቱ ላይ ጥቁር ጡቦች የሚወርዱበት የፕላስቲክ ዕቃ። የፓዢትኖቭ ስም በላዩ አልነበረም። ቅርፊቱ ላይ በውስጡ 9999 ጨዋታዎች እንዳሉ ተጽፎ ነበር። ገብተን ስናየው ግን ጥቂት ጨዋታዎች ፍጥነታቸውና አጀማመራቸው እየተለዋወጠ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ነው። (በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገሩትን ቀልዶች የሰበሰበ ሰው ይህ ዐይነቱ አቆጣጠር አይገርመውም።)

ወደ ፍርድ ቤቶቹ እንለፍ። ከብዙዎቹ ክሶች ሦስቱን ብቻ እጠቅሳለሁ፤ ሦስቱም አሜሪካ ውስጥ የታዩ ናቸው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1982 በይግባኝ የተወሰነው የአታሪና የፊሊፕስ ክርክር ነው። የጃፓኑ ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓክ ማን የሚባል ጨዋታ አወጣ፤ አፉን እየከፈተ የሚዘጋ ክብ ነገር በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነጠብጣብ እየለቀመ ከመናፍስት ይሸሻል። ፊሊፕስ ደግሞ ኬ ሲ መንችኪን የሚባል ተመሳሳይ ጨዋታ ሠራ። ፍርድ ቤቱ ጠመዝማዛው መንገድና ነጠብጣቡ የማንም ሊሆኑ አይችሉም አለ፤ በላተኛውና መናፍስቱ ግን፣ መልካቸውና ጠባያቸው፣ ገጸ ባሕርያት ስለሆኑ የባለቤታቸው ናቸው ብሎ ለአታሪ ፈረደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መንችኪን ባዶ ግልባጭ አልነበረም። በእርሱ ነጠብጣቡ ቆሞ አይለቀምም፤ ይንቀሳቀሳል። ተጫዋቹም የራሱን መንገድ መሥራት ይችላል። ይህ ሁሉ ተጨምሮ አላዳነውም፤ ከራስ የጨመሩት ብዙ መሆኑ የወሰዱትን አያስፍቅም ተባለ። ኂስ በዚህ አይስማማም ብዬ አምናለሁ። ሕግ የሚጠይቀው የተወሰደውን ነው፤ ኂስ የሚጠይቀው የተወሰደው ነገር በአዲሱ ሥራ ውስጥ ምን እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1988 የተወሰነው የዳታ ኢስትና የኤፒክስ ክርክር ነው። ሁለቱም የካራቴ ጨዋታ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ውስጥ ነጭና ቀይ የለበሱ ተፋላሚዎች፣ ዳኛ፣ የታወቁ ምቶች አሉ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህ ሁሉ ከካራቴ የመጣ ነው፤ ካራቴ የሚያሳይ ሰው ሊያስቀረው የማይችለው ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። ፉከራ የሚጽፍ ገጣሚ ገዳይነትን፣ ጠመንጃንና የአባትን ስም ማንሣቱ ከማንም እንዳልተሰረቀ ሁሉ ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ሦስተኛው ግን ያከራክራል። ዚዮ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለስልክ የሚሆን ሚኖ የሚባል ጨዋታ አወጣ። ሠሪዎቹ ሕግ አንብበዋል፤ የጨዋታ ሕግጋት የማንም ስላልሆኑ ቴትሪስን ወስደን ሥዕሉን ብቻ ከራሳችን እንሥራ አሉ። ሥዕሉ ግን ያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒው ጀርዚ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የቅርጾቹ መልክ፣ የሚወርደው ቁራጭ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚያሳየው ጥላና የሜዳው ልክ ይገኙበታል፤ ወደ ጎን 10፣ ወደ ላይ 20። በእኔ አመለካከት ፍርዱ በውጤቱ ልክ ነው። ሚኖን ከቴትሪስ ጎን አስቀምጦ «ይህኛው ምን አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለም፤ ምንም አላለም። ነገር ግን የሜዳውን ልክ ከግል ንብረት ጋር መቁጠሩ አይዋጥልኝም፤ የማይዋጥልኝም ቅኔ ቤትን ስለማውቅ ነው።

ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ዜማና የራሱ ምጣኔ አለው። በዋሸራም ተማረ በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ተማሪው ልኩን ጠብቆ መቁጠር ይገባዋል፤ ቤት ያጎደለ ተማሪ መቀለጃ ይሆናል። ይህን ልክ በመጀመሪያ ያበጀው ሰው «ሁለት ቤት የእኔ ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ በሦስት ይቀኝ» ቢል ኖሮ ጉባኤ ቃና የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ አንድ ሰው የተናገረው አንድ ቅኔ ብቻ ይኖር ነበር። ልክ የሚጠቅመው ሲጋሩት ነው። የሁለት ሰዎችን ቅኔ አወዳድረን «ይህ በለጠ» ለማለት የምንችለው ሁለቱም በአንድ ልክ ውስጥ ስለታገሉ ነው። 10 በ20 የሆነ ሜዳም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ስለተጫወተበት፣ ጣትና ዐይን ስለለመደው፣ ልክ ሆኗል።

ስለ ግለሰቡ ድርሻ ግን ቅኔ ቤት ከማንኛውም ፍርድ ቤት የከረረ ነው። «ዘረፈ» የሚለው ግስ ራሱ የሚያስገርም ነው፤ በሌላ ቦታ የሰው ንብረት ቀማ ማለት ሲሆን በቅኔ ቤት ከራሱ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ነው። በልኩ ውስጥ የሚገባው ቃል፣ ሰሙና ወርቁ የሚገናኙበት ነጥብ፣ የተማሪው የራሱ መሆን አለበት። ሰሙን ከታወቀ የመጽሐፍ ታሪክ ቢያመጣው ማንም አይነቅፈውም፤ ታሪኩ የሁሉም ነው። የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ የተናገረ እንደሆነ ግን መምህሩ ያውቁበታል፤ ከዚያ በኋላ በጉባኤው መካከል የሚኖረው ቦታ ይታወቃል። እንግዲህ የቅኔ ቤት ሚዛን ሁለት ጎን አለው፦ ልኩ የጋራ፣ ፍልቁ የግል። ሚኖ በዚህ ሚዛን የወደቀው ሜዳውን ስለወሰደ ሳይሆን በሜዳው ላይ ያፈለቀው ስላልነበረው ነው።

የአገራችን ሕግም በቃሉ ከዚህ አይርቅም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በኋላ የመጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች ተርታ አስገብቷል፤ ሐሳብን፣ ዘዴንና አሠራርን ግን ተገልጸው ቢገኙ እንኳ ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ልኩ የጋራ፣ ፍልቁ የግል እንደ ማለት ነው። ሕጉ ሊነግረን የማይችለው በዚህ መካከል ያለውን ነው፤ የተወረሰው ነገር ተለውጦ ሌላ ሲሆን።

ለዚህ ከደብረ ታቦር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ የናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። የአቋቋም ሊቃውንት የሚያውቋቸው ግን በሌላ ነው። እንደሚተረከው አለቃ የጣናን ማዕበልና የደንገሉን መወዛወዝ ተመልክተው በመቋሚያ የሚከናወነውን ዝማሜ በአዲስ አኳኋን ቀመሩት። ቃሉን አልነኩም፤ ያው የያሬድ ቃል ነው። የለወጡት የሰውነቱን እንቅስቃሴና የመቋሚያውን አካሄድ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ነባሩን አንለውጥም ብለው አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው ተክሌ ግን ተምሮት በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስሙም በእርሱ ወጣ፤ የተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ ደብረ ታቦር በአቋቋም ስሟ የሚነሣው በዚሁ ነው። የተከለከለው ዳግም ሥራ ራሱ ነባር ሆነ፤ ራሱ የሚጠበቅና የማይነካ ሆነ። አለቃ ገብረ ሐና ወራሽ ናቸው እንጂ ቀማኛ አይደሉም የምለው የጨመሩት ስለበዛ ብቻ አይደለም። የጨመሩት ነገር የተወረሰውን ቃል እንደገና እንድንሰማው ስለሚያደርግ ነው።

ዘመናዊው ተውኔታችንም የጀመረው በውርስ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. ያዘጋጁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተነሣው ከላ ፎንቴን ተረቶች ነው፤ ላ ፎንቴንም ከኤሶፕ ወስዷል። አውሬዎቹ የፈረንሳይ፣ ከዚያም በፊት የግሪክ ነበሩ፤ ነቀፌታው ግን በአዲስ አበባ ሹማምንት ላይ አረፈ፤ ተውኔቱም እንዳይታይ ተከለከለ። ኩረጃ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? (እኚሁ ሰው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲያረቁም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ከፊታቸው አስቀምጠው እንደነበር ይታወቃል። ያ ግን ለሕግ ሰዎች የሚተው ነው።) «ውርስ ትርጉም» የሚለው የኂሳችን ቃል ለእንዲህ ያለው ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ለቪዲዮ ጨዋታም ያገለግላል። የውጭው ዓለም ዳግም የተሠራ ጨዋታን ከነባሩ ጋር ባለው ቅርበት ብቻ ሲለካው «ውርስ» የሚለው ቃል ግን ወራሹ ርስቱን ምን እንዳደረገው ያስጠይቃል።

ምንም ሳይጨምር የሚገለብጠውስ? እስካሁን በያዝሁት ሚዛን ከቀማኛ በታች ይሆናል፤ ሚዛኑ የሚያንሰውም እዚህ ላይ ነው። የቀድሞ ጨዋታዎች የተቀመጡባቸው ካሴቶችና ዲስኮች ይበላሻሉ፤ የሚያጫውታቸው መሣሪያ ከገበያ ወጥቷል። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በሽያጭ ላይ አይገኙም። ብዙዎቹ ዛሬ የሚታዩት አንድ ሰው ያለ ፈቃድ ገልብጦ፣ የጥንቱን መሣሪያ በሚያስመስል ፕሮግራም ላይ ስለጫናቸው ነው። እኛ ይህን ሰው በሌላ ስም እናውቀዋለን፤ ቁም ጸሐፊ ነው። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ከቃሉ አንዲት ፊደል ሳይጨምር የገለበጠ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም አደረጓቸው። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ካመሩ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ተዘርፈው ባሕር ተሻገሩ። ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ቃሉ ለአገሩ ሰው የተረፈለት ቀደም ሲል አንድ ያልታወቀ ጸሐፊ በአንድ ደብር የገለበጠው ነው። ጸሐፊው ደራሲ አይደለም፤ ደራሲ ነኝም አላለም፤ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ያስጻፈውንና የራሱን ስም ጠቅሶ ጸልዩልኝ ብቻ ይላል። ቁም ጸሐፊንና ሚኖን የሚለያቸው ይህ ነው። ሁለቱም ምንም አልጨመሩም፤ አንዱ ግን የሰውን ሥራ የሰው ሥራ ብሎ አስረክቧል። 9999 ጨዋታ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ከሁለቱ የትኛው ነው ብባል፣ ቃሉን ያደረሰ፣ የደራሲውን ስም ግን የፋቀ ጸሐፊ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሠሪዎች ልመለስ። አዲስ አበባ ላይ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ (ስሙን ልብ ይሏል) እ.ኤ.አ. በ2018 ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጨዋታ አወጣ። አንዲት ዶሮ ለወጥ ከሚፈልጋት ባለቤቷ ታመልጣለች፤ ተጫዋቹ እያዘለላትና ከመሰናክል እያሳለፈ ያስሮጣታል። የጨዋታው ዐይነት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ቴምፕል ረን፣ በ2012 የወጣው ሰብዌይ ሰርፈርስ በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ማብቂያ የሌለው ሩጫ፣ ከኋላ አሳዳጅ፣ ከፊት መሰናክልና የሚለቀም ነገር። ሥራውን «የፈረንጅ ጨዋታ ዶሮ አልብሰው አመጡት» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች አሉ። እስቲ እንደ ጽሑፍ እናንብበው። በቴምፕል ረን የሚሮጠው ሰው ከቤተ ጣዖት ጣዖቱን ሰርቆ የወጣ ነው። በሰብዌይ ሰርፈርስ የሚሮጠው ልጅ የባቡር ንብረት ላይ ቀለም ሲረጭ የተያዘ ነው። ሁለቱም አጥፍተው ይሸሻሉ፤ አሳዳጁ የንብረት ጠባቂ ነው። የኩኩሉ ዶሮ ጥፋቷ ምንድን ነው? ዶሮ መሆኗ ነው። አሳዳጇም ወንበዴ አይደለም፤ ማናችንም ልንሆን የምንችለው፣ በዓል የደረሰበት ባለቤት ነው። የሩጫው ልክ ሳይነካ የሩጫው ምክንያት ተገለበጠ፤ ተጫዋቹም በጣቱ ዶሮዋን እያዳነ በሆዱ ከአሳዳጁ ጋር ነው። ስሙም ሁለት ፊት አለው፤ ኩኩሉ የዶሮ ድምፅ ነው፣ ልጆች ተደብቀው የሚፈላለጉበት ጨዋታም ነው። ይህ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እንከን የለውም አልልም። ዶሮዋ የምትሮጥበት አገር ከሩጫው ፍጥነት የተነሣ ሳይታይ ያልፋል፤ ለጌጥ የቆመ ነው የሚመስለው። በልኩ ውስጥ ግን ፈልቋል፤ በቅኔ ቤት ሚዛን ያልፋል።

ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። በእኔ ግምት ከኩኩሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነባሩ ሥራ የእኛው ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስለሚገኙ የገበጣ ዐይነቶች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ ከጥናቱ በመጀመሪያ የሚታየው አንድ ገበጣ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የረድፉ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ አበላሉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስሙም እንዲሁ፤ «ላም ወለደች» የሚባል ገበጣ አለ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። የመረጠው ሕግ በመቶ ሺሕ ስልክ ላይ ሲቀመጥ «ገበጣ» ማለት እርሱ ይሆናል። ማንም ከማንም አልሰረቀም፤ ሕጋዊ ጥፋት የለም፤ ነገር ግን አንዱ ንባብ ሌሎቹን ከገበታው ላይ አወረዳቸው። የዳግም ሥራ ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል፤ ለድሮው የቪዲዮ ጨዋታም ያው ነው። የታደሰው ሲመጣ ነባሩ ከሽያጭ ይወርዳል።

በሰንጠረዥ የደረሰውን ማየት ይበቃል። ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ዋልተር ፕላውደን የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ አጨዋወት ጽፎልናል። ከስሙ እንደሚታየው ይህም ውርስ ነው፤ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብ ወደ እኛ የመጣ ነው። እዚህ ሲደርስ ግን ሌላ ቦታ የማይታወቅ ነገር ተጨመረበት፤ ወረራ። በጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው መብል እስኪሆን ድረስ ሁለቱም እኩል እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ሰልፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል። ሲያሸንፉም አሸናነፉ ይታያል፤ በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር በመደቅ መግደል ያስመሰግን ነበር። በአጭሩ ጨዋታው ስልት ብቻ አልነበረም፤ ለዛም ነበረው፤ ለዛውን የሚፈርዱ ተመልካቾችም ነበሩት። ተራ በተራ ብቻ የሚያስኬድ ፕሮግራም ወስዶ ሥዕሎቹን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል እያለ ኢትዮጵያዊ ስም የሚያወጣላቸው ሰው ሰንጠረዥን አደስሁ ቢል ቃሉን ለመቀበል እቸገራለሁ። ሥዕሉን ወርሷል፤ ወረራውን ግን ጥሎታል።

በገበጣም የሚጣለው ነገር አለ፤ ለክፍላችን የሚቀርበውም እርሱ ነው። ገሳይ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች መሬት ጭረው፣ ጠጠር ለቅመው ሲጫወቱ ቆሜ አይቻለሁ። ጠጠሩን ከማስኬዱ ይልቅ የሚበዛው ንግግሩ ነው። አንዱ ሲቆጥር ሌላው ያውከዋል፤ «አንድ ዘለልህ!» «አልዘለልሁም!» ይባባላሉ፤ የተሸነፈው ይፎከርበታል፤ ዳር የቆመው ሳይጠየቅ ይፈርዳል፤ በመካከል አንዱ «በእኛ መንደር እንዲህ አይበላም» ብሎ ሕጉን ራሱን ይከራከራል፤ ጨዋታው ቆሞ ሕግ ይወጣል። ይህን ሁሉ የቃል ሥነ ጽሑፍ ብለን በሌላ ቦታ፣ በሠርግና በደቦ ላይ፣ ስንሰበስበው ኖረናል። የስልኩ ገበጣ ጠጠሩን ራሱ ይቆጥራል። አይሳሳትም፤ ስለዚህ የሚከራከረው የለም። አዋጁ ጥበቃ የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለሥዕሉ ነው፤ የጠጠሩን አካሄድ ለሁሉም ትቶታል። የልጆቹ ሙግት ከሁለቱም ውስጥ አልተጻፈም፤ አዲሱ ቅጂም ይዞት አልሄደም፤ ገሳይ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ከብቱ ወደ ቤት እስኪመለስ ድረስ ይሰማል።